ለውባለም የተፈተለ ጋቢ

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የልጅ ልጄ ሰላም ልትሰናበተኝ ከባሕር ዳር ንፋስ መውጫ መጣች። ከሚኒባስ ወርዳ በባጃጅ እስከ በሬ ድረስ ስትመጣ በክንዷ ያንጠለጠለችውን ጃኬት አይቼ ፍራሽ የያዘች መስሎኝ ነበር። «የምሄድበት አገር እኮ በረዶ ነው እማማ» አለችኝ። የምትሄደው ትምህርቷን ልትቀጥል ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አጥንታለች፤ አሁን ደግሞ እንደ ነገረችኝ በየአገሩ መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ሴቶች በራሳቸው እግር ለመቆም ያደረጉትን ትግል ልትመረምር ነው። እኔም ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝና አይገባትም ብላ አትንቀኝም፤ ሁሉን ታጫውተኛለች። የማስይዛት ነገር ልፈልግ ብዬ የእንጨት ሳጥኔን ስከፍት የአሪቲና የቆየ ጥጥ ሽታ ቤቱን ሞላው። የጠየቀችኝ በዚያች ደቂቃ ነው። «እማማ፣ አንቺ መጀመሪያ በመጽሐፍ ያወቅሻት ሴት ማን ነበረች?» እጄ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ሳቄ መጣ። «ውባለም ናታ» አልኋት። ስልኳን አውጥታ ልትጽፍ ተሰናዳች። «የየትኛው ደራሲ ናት?» አለችኝ። ደራሲውን አላውቀውም። የመጽሐፉንም ስም አላውቀውም። እውነቱን ለመናገር የሴትዮዋም ስም ውባለም አልነበረም። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር እሷ ባትኖር ኖሮ እኔ በዐሥራ አራት ዓመቴ እስቴ ተድሬ እንደምቀር ነው።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ እንደ ዛሬው አልነበረችም። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ዓመቱን ቁርጥ አድርጌ እንድነግራችሁ አትጠብቁ፣ ሴትን ዕድሜዋን እንደ መጠየቅ ነው። ከዛሬው ጋር አንድ ሆኖ የቀረው ነፋሱ ብቻ ነው። የመኪና መንገድ ስላልነበረ ደብረ ታቦር ለመድረስ በቅሎ ላለውም ለሌለውም ሁለት ቀን ነበር። በከተማዋ ቆርቆሮ የለበሰ ሱቅ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ሰው ሲቃጠር «ቆርቆሮው ጋ እንገናኝ» ይባባላል፤ ዛሬ እንዲህ ተባብሎ የሚገናኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቆርቆሮው ጋ ስኳር በኩባያ ስሙኒ፣ እርሳስ ዐሥር ሳንቲም፣ ከረሜላ ሁለቱ በአምስት ነበር። አቡጀዲው በባለ ሱቁ ክንድ እየተለካ ይሸጣል። ባለ ሱቁ ክንዱ አጭር ነው ተብሎ ስለሚታማ ሴቶቹ የራሳቸውን ክንድ ዘርግተው ይከራከሩት ነበር። ዓርብ ገበያ የወረዱ ነጋዴዎች የቆላ ጥጥ በአህያ ጭነው ሲመለሱ ደግሞ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወጥቶ ይቀበላቸዋል፤ እንግዳ የመጣ እንጅ ጥጥ የመጣ አይመስልም። እኔ ኮንጎ ጫማ ነበረኝ። እንዳያልቅብኝ ስለምሳሳለት ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእጄ ይዤው እሄድና በሩ ላይ ስደርስ እግሬን ጠርጌ አጠልቀዋለሁ። ትምህርት ቤቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ የፈለገ ደብረ ታቦር ይሄዳል። አንደኛ ክፍል ስንገባ ሴቶች ዘጠኝ ነበርን፤ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንዷ ሁለቷ እየተዳሩ ሲሄዱ ስድስተኛ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

በዚያ ዓመት ነው ወይዘሪት ሶስና የምትባል አስተማሪ ከደሴ የመጣችልን። ሴት አስተማሪ አይተን አናውቅም። ነጭ ሸሚዝ፣ ጉልበቷን ሸፈን የሚያደርግ ጉርድ ቀሚስ፣ አጭር ጸጉር፣ ቆዳ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ሬድዮ፤ ሬድዮዋ ስትከፈት የአዲስ አበባ ዘፋኝ በእኛ ሰፈር ነፋስ መሐል እየተቆራረጠ ይሰማል። በእኛ አገር አስተማሪ ማለት የኔታ ነው፤ ሌላ ስም አናውቅም። ስለዚህ የሰባ ዓመት ባልቴቶች ያችን ሃያ ሦስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ሲያዩ ብድግ ይሉና «የኔታ፣ እንዴት ዋሉ» ይሏታል። እሷ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። የተከራየችው ከአክስቴ ከእትየ አንጓች ቤት ነበር።

እትየ አንጓች የእናቴ ታላቅ እኅት ናት። ሁለት ጊዜ አግብታ፣ ሁለት ጊዜ ፈታ፣ ሁለቱንም ጊዜ ድርሻዋን ይዛ የወጣች ሴት። በእኛ ዘንድ በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲለያዩ ሽማግሌ ይቀመጥና ከላም ጀምሮ እስከ ቁና እኩል ያካፍላቸዋል። «ከሁለተኛው ጋር ስንካፈል ድስቱ አንድ ሆነብን» ትል ነበር፤ «እኔ ድስቱን ወሰድሁ፣ እሱ እልኸኛ ነውና ክዳኑን ይዞ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላው ድስት ሊዋስ መጣ።» ሲነግሯችሁ ደስ ይላል፣ አይደል? እኔም ያደግሁት በዚህ እየሳቅሁ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በአገሬ ሴት ልጅ ከትዳር መውጫውን ታውቃለች፤ መግቢያውን ግን ማንም አይጠይቃትም። እትየ አንጓችም ብትሆን የመጀመሪያ ባሏን ያየችው በሠርጓ ማግስት ነው። እኔንም አባቴ ለእስቴ ሰዎች ሊሰጠኝ ነገሩን ጀምሮ ነበር፤ ቃሉ የሚታሰረው ከዐቢይ ጾም በፊት፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ። በደብረ ታቦርና በእኔ መካከል የቆመው ይኸው ነበር።

አባቴ መሪጌታ ጥበቡ ክፉ ሰው አልነበረም። የዜማ መምህር ነው፤ ደግሞም ቁም ጸሐፊ። ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ የሚጽፈው ዳዊት እስከ ስማዳ ድረስ ስም ነበረው። ተማሪው ፊደል ሲያበላሽ ትንሿን ቢላዋ ይሰጠውና «ያጠፋህ እንደሆነ ፋቀው፤ ያልተፋቀ ጽሕፈት ቃል ነው» ይለው ነበር። ትምህርት ይወዳል፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ሲናገር አፉ ይጣፍጠዋል። ለእኔ ሲሆን ግን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል፣ እሱም ያው ጣፍጦት። ወይዘሪት ሶስና አንድ ቀን ስለ እኔ ልትለምነው ሄደች። በክብር ተቀበላት፣ አጥሚት አስመጣላት፣ ሁሉንም ሰማትና «የኔታ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት» ብሎ ሸኛት። እኔ ከጓሮ ቆሜ ሰማሁ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

አሁን ወደ ውባለም ልምጣ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲለቀቅ የሰፈሩ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው እትየ አንጓች ግቢ ይሰበሰባሉ። ነፋስ የማይደርስበት፣ የሠርክ ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ ግድግዳ ነበራት። እናቴ የሻረግ ትመጣለች፤ ዝምተኛ ናት፣ ከእንዝርቷ በቀር ድምፅ የላትም። ጎረቤታችን እማሆይ ጽጌ ትመጣለች፤ መንኩሳም ነገር ማጣራት አልተወችም። ሌሎችም አራት አምስት ይኖራሉ። እኔ ጥጡን እየነደፍሁ ባዘቶ አቀርባለሁ። ወይዘሪት ሶስና ደግሞ ደፏ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። አንድ ቀን እትየ አንጓች «የኔታ፣ ብቻሽን ከምትስቂ ለእኛም ብታሰሚን ምን አለበት? ጆሯችን ሥራ ፈቶ ነው የተቀመጠ» አለቻት። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ሽፋኑ የወለቀ፣ መጀመሪያው ገጽ የሌለው። ከዚያ ቀን ጀምራ መስመር መስመሩን ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልን ጀመር።

የመጽሐፉ ሴት በባሕር ማዶ በአንድ በረዶ አገር የወፍጮ ቤት ባለቤት ሚስት ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት ወፍጮውን ያስፈጨችው እሷ ናት፤ የእህል ቤቱ ቁልፍ ግን ከባሏ ቀበቶ አይወርድም። ጧት ጧት ዱቄት ሰፍሮ ይሰጣታል። በሩቅ ከተማ አዋላጅ የሚያስተምር ቤት እንዳለ ትሰማለች፣ ልማር ትላለች፣ አይሆንም ይላታል። አንድ ቀን ማለዳ በለበሰችው ልብስ ብቻ ከቤት ወጥታ በበረዶው ውስጥ ትሄዳለች። ወይዘሪት ሶስና እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ቀና ብላ አየችን፤ ያለቅሳሉ ብላ ነው የጠበቀችን። ከሴቶቹ ግን መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ነበር።

«ቆይ እስኪ የኔታ» አለች እትየ አንጓች፣ «የጎታው ቁልፍ በእሱ እጅ ነው ያልሽን?»

«አዎ።»

«ወንድ ጎታ ይከፍታል? ጎረቤት አይስቅበትም?»

«በእነሱ አገር እንደዚያ ነው።»

እማሆይ ጽጌ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በሰማንያ ናት በቁርባን?»

«መጽሐፉ አይናገርም እማሆይ።»

«ዋሷስ ማን ነበር?»

«እሱንም አይናገርም።»

«ምን ያለ መጽሐፍ ነው ዋስ የማይጠራ! ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት እንዴት ባዶ እጇን ትወጣለች? ሽማግሌ የለም? ዳኛ የለም?» እማሆይ ተቆጥታ እንዝርቷን አቆመች። በዚያ ከሰዓት ንባቡ አልቀጠለም። ሴቶቹ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡና ወፍጮውን፣ እህሉን፣ ፈረሱን እኩል አካፍለው የሴትዮዋን ድርሻ ለይተው ነው የተነሡት። የሴትዮዋ ስም ለምላስ አስቸጋሪ ስለ ነበረ እትየ አንጓች «ውባለም እንበላትና እንረፍ» አለች፤ ጸደቀ። ለጸሎት ደግሞ የክርስትና ስም ያስፈልጋል ብላ እማሆይ ወለተ ሥላሴ አለቻት፤ ይህም ጸደቀ። ማታ ለአባቴ ተነገረውና ዳዊት ሲደግም ስሟን ያነሣላት ጀመር።

ወይዘሪት ሶስና ሌሎች መጻሕፍትም ነበሯት። ሩዝ ከሚዘራበት አገር ባሏ ሞቶባት ዳግመኛ እንዳታገባ የተከለከለች ሴት፣ ከበረሃ አገር ደግሞ ከመጋረጃ ኋላ ሆና ግጥም የምታስጽፍ ሴት አነበበችልን። ለሁሉም ከንፈር ተመጠጠላቸው። የመጋረጃዋን ሴት እናቴ ወደደቻት መሰለኝ፣ የዚያን ቀን እንዝርቷ ሁለት ጊዜ ወደቀባት። የሴቶቹ ልብ ግን ውባለም ጋ ነበር። «ዛሬ የት ደረሰች?» ይላሉ ገና ሳይቀመጡ። በረዶው ምን እንደሚመስል ወይዘሪት ሶስና ስታስረዳ «የጉና ራስ ላይ በክረምት የሚነጣው፣ እሱ ነው፤ ግን አገሩን ሁሉ» አለች። ያን የሰሙ ዕለት ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። ማግስቱን እትየ አንጓች ትልቅ ቅርጫት አምጥታ መሐላቸው አስቀመጠችና የመጀመሪያውን ልቃቂት ጣል አደረገች። ማንም ምን ልታደርጊ ነው ብሎ አልጠየቃትም። ኅዳርና ታኅሣሥን ሙሉ ከየቤታቸው ሥራ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ፈተሉ። እትየ አንጓች ፈትል ላይ ታንጎራጉራለች፤

እንዝርቴ ዙሪልኝ፣ ዙሪልኝ በደኅና፤
የምሸኛት እኅት አለችኝና።

ጋቢው ተሸምኖ የመጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እንደዚያ ያለ ጋቢ ዛሬ አይሠራም፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጥለቱ ቀይ። ጋቢ ያለ ደብዳቤ አይላክምና አባቴ ተጠራ። ወረቀቱን ከቆርቆሮው አስገዝተው፣ በርጩማ አቅርበው፣ ዙሪያውን ተቀመጡ። እሱ የመቃ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጉልበቱ ላይ ጻፈ፣ እነሱ አወረዱለት። «ይድረስ ለእኅታችን ለወይዘሮ ውባለም፣ በበረዶው አገር ላለሽ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ያንቺን መከራ ከመስማታችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጥለሽ በመውጣትሽ አልነቀፍንሽም። የነቀፍንሽ ባዶ እጅሽን በመውጣትሽ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ያስፈጨሽው ድርሻ አለውና ሽማግሌ ላኪበት። እስከዚያው ብርድ እንዳይጎዳሽ ይህን ጋቢ ልከንልሻል።»

እዚህ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለችው እናቴ ተናገረች። «ሴት ልጅ መማር ከፈለገች አባትም ሆነ ባል ደጁን አይዝጋባት ብለው ይጻፉልኝ።»

አባቴ ብዕሩን አነሣ። «የሻረግ፣ ይህን የሚሰማ አባት አይቆጣም?»

«የእሷ አባት ይቆጣ እንጅ መሪጌታ፣ እርስዎ ምን አገባዎ» አለች እትየ አንጓች፣ ከእንዝርቷ ቀና ሳትል።

አባቴ ትንሽ አሰበና ጻፈ። እንዲያውም ጸሐፊ አይደል፣ ዐረፍተ ነገሩ ደረቅ ሆነበት፤ ማንም ሳያዘው ከራሱ ጨመረበት፤ «ደጇን የዘጋባት፣ የቤቱን በረከት ዘጋ።» ጮክ ብሎ አነበበውና በራሱ ሥራ ደስ አለው። ሴቶቹም እሰይ አሉት። መጨረሻው እንዲህ ነበር፤ «ጋቢው ሲደርስሽ ደርሷል ብለሽ አስታውቂን። ጸሐፊ መሪጌታ ጥበቡ።»

ጋቢውን አጣጥፈው፣ ደብዳቤውን ከላይ አድርገው ወደ ወይዘሪት ሶስና በር ተሰልፈው ሄዱ። «የኔታ፣ አገሯን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ላኪልን» አለቻት እትየ አንጓች። ያች ምስኪን ልጅ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ጋቢውን ለመቀበል እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«እትየ አንጓች፣ ይቅር በሉኝ። ሴትዮዋ የለችም።»

«ሞተች?»

«አልሞተችም። መጀመሪያም አልነበረችም። ደራሲው ከልቡ የፈጠራት ናት። እኔ የምታውቁ መስሎኝ ነበር።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሪት ሶስና እንባዋ መጣ። በመጨረሻ እማሆይ ጽጌ «ታዲያ እስከ ዛሬ ያለቀስነው ለማን ነው?» አለች። እትየ አንጓች ጋቢውን አንድ ጊዜ፣ ወይዘሪት ሶስናን አንድ ጊዜ አየችና «ከሌለችማ ተመስገን ነው፤ ብርዱ አላገኛትም» አለች። ከዚያ በኋላ የተሳቀውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነበር። «ወለተ ሥላሴ እያልሁ ስንት ቀን ዳዊት ደገምሁ፣ ለሌለች ሴት!» አለ፣ የምሩን ተክዞ። እማሆይ «ጸሎት መንገድ ላይ አይቀርም መሪጌታ፣ የሚያርፍባት አያጣም» ብላ አጽናናችው። ጋቢው ከእትየ አንጓች አልጋ በላይ ተሰቀለ። ደብዳቤውን ማን እንዳነሣው ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ እናቴ አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

የእስቴ ሰዎች የመጡት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስት በቅሎ፣ አንድ ሙክት። ዋናው ባላምባራስ ደስታ የሚባሉ፣ ረዥም፣ ጺማቸው የነጣ፣ ወግ አዋቂ ሰው ነበሩ። የምዳርለትን ልጅ እንዳላየሁት ሁሉ እሳቸውንም አይቼ አላውቅም። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆሜ በቀዳዳው አይ ነበር። ስለ ዝምድና ተወራ፣ ስለ አጥንት ተቆጠረ፣ ስለ በሬ ተነሣ። አባቴ ቃሉን ሊሰጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ እናቴ ጠላ ልትቀዳ ገባች። ቀዳች። ከዚያ መቀነቷን ፈታ አደረገችና ወረቀቱን አባቴ ጭን ላይ አኖረች።

«መሪጌታ፣ እኔ ፊደል አላውቅም። ይህችን ለእንግዶቹ ያንብቡልኝ።»

አባቴ ምን እንደሆነ ሳያስተውል ከፍቶ ማንበብ ጀመረ፤ ጽሕፈት ካየ ሳያነብ የማያልፍ ሰው ነው። ስለ ውባለም፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ብርዱ አነበበ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን አቀኑ። እናቴ ያወረደችው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። «...አባትም ሆነ ባል ደጁን አይዝጋባት። ደጇን የዘጋባት...» ብሎ ቆመ።

«ይጨርሱት እንጅ፣ የጣመ ነገር ነው» አሉ ባላምባራስ።

«የቤቱን በረከት ዘጋ» አለ አባቴ።

«የማን ቃል ነው? የሊቅ ነገር ይመስላል።»

አባቴ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አደረገ። የመፋቂያዋ ቢላዋ አጠገቡ መደቡ ላይ ነበረች፤ ዐይኑ ወደ እሷ ሲሄድ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ብራና ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀት ሲፋቅ ይቀደዳል። ቢላዋዋን ተዋትና እናቴን ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ዐይኗን አልሰበረችም።

«ቃሉ የእኔ ነው» አለ። «እጁም የእኔ ነው። ልጄ ትምህርት ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር መሄድ ትፈልጋለች። እስካሁን አልጠየቅኋትም ነበር።»

ባላምባራስ ደስታ ጺማቸውን ዳበሱ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል» አሉ በመጨረሻ፣ «ለካ እጅም ያመልጣል መሪጌታ። በጽሕፈት ከፈረዱብን እኛ በቃል ምን እንከራከራለን?» ብለው ሳቁ። ጠላቸውን ጠጡ፣ መረቁንና ሄዱ። ሙክቱን ግን ይዘው ተመለሱ፤ እትየ አንጓች እስክትሞት ድረስ የምትቆጨው በሙክቱ ነበር።

የታጨሁለት ልጅ ማን እንደ ነበረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መንገዱ ተሠርቶ አውቶቡስ ሲመጣ መናኸሪያ ላይ አንድ ሙሉ ሰው ቀርቦ «የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም? እኔ የእስቴው ነኝ» አለኝ። አብረን ሻይ ጠጣን። «ያን ጊዜ እኔም ልቤ ሌላ ጋ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እንጅ» ብሎ አሳቀኝ። ለካ ወንዶቹም መግቢያውን አይጠየቁም ነበር።

ደብረ ታቦር የሄድሁት መስቀል ውሎ ባደረ በሁለተኛው ቀን ነው። አባቴ በቅሎውን ራሱ ጫነ። ከእኔ ጋር ብዙ አይናገርም ነበር፣ ሲያስር ሲፈታ ቆየና ገመዱ ላይ እንዳቀረቀረ «እማሆይ ጽጌ እውነቷን ነው፤ ያ ሁሉ ዳዊት የሚያርፍባት አላጣም» አለ። እናቴ አንዲት ጊደሯ የእኔ መሆኗን ሰው ፊት ተናገረች። ወይዘሪት ሶስና ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ እሱን ከጊዜ በኋላ አይጥ በላው። እትየ አንጓች ሁሉም እስኪሰናበተኝ ጠብቃ ጋቢውን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ትከሻዬ ላይ አደረገችው። «ይች እንኳ ባዶ እጇን አልወጣችም» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሴቶቹ። ጋቢው በዚያን ጊዜ የቁመቴን እጥፍ ያክል ነበር፤ በቅሎዋ ላይ ሆኜ ሲያዩኝ የተቀመጠች ልጅ ሳይሆን የተጫነ እህል መስያቸው ነበር። እስከ ጉና ድረስ እያለቀስሁም እየሳቅሁም ሄድሁ።

ይህን ሁሉ ለሰላም ስነግራት ስልኳ ላይ መጻፉን ረስታው ነበር። እናቴ ያቆየችልኝ ደብዳቤ ጋቢው እጥፋት ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፣ የአባቴ ፊደል ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጋቢውን አውጥቼ ክንዷ ላይ አኖርሁት።

«እማማ፣ ይህ ያንቺ ነው።»

«የእኔ አይደለም። የውባለም ነው። እኔ መንገድ ላይ አቆይቼው ነው።»

«ኪሎ ይበዛብኛል፣ አውሮፕላን ላይ ይከለክሉኛል።»

«ታዲያ ልበሽው፤ የለበሰ ሰው ማን ይመዝናል» አልኋት። ፍራሽ የመሰለውን ጃኬት ሻንጣ ውስጥ ከትታ ጋቢውን ለብሳ ሄደች።

በዚህ ታኅሣሥ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። ጉና ራስ ላይ የማውቀው ነጭ፣ ግን አገሩን ሁሉ የሸፈነ፤ መሐሉ ላይ ሰላም ቆማለች፣ ቀይ ጥለቱ አገጯ ሥር ይታያል። ከታች የጻፈችውን አንብቤ ነጠላዬን ደረብሁና የእትየ አንጓች ግቢ ወደ ነበረበት ወረድሁ። ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ሆኗል፤ ያ የሠርክ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። የሚያይ ይታዘበኝ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ለእነዚያ ፈታዮች ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

«ጋቢው ደርሷል።»